ልጅ ብቻ ነው የምትይዢው

ሞግዚት ተወዶብናል። ለቅሶ ቤት ብትሄዱ፣ ልደት ብትጠሩ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ብትቆሙ ወሬው ይኸው ነው። ጤፍ ቢወደድ፣ የቤት ኪራይ ቢጨምር፣ ነዳጅ ቢያሻቅብ «ምን ይደረግ» ብለን እንችለዋለን። ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ «በዚህ ዋጋ አልገባም» ስትል ግን ሰማይ የተደፋብን ይመስለናል። ድፍረቷስ! ኑሮ የከበደው እኛ ላይ ነው፤ እሷ መች ገበያ ትወጣለችና? (ትወጣለች እንጂ፣ ዘንቢሉን የምትሸከመው እሷው ናት። ግን በእኛ ገንዘብ ነው።)

ደላላ ቤት የሚደረገውን ድርድር ያየ ሰው የሥራ መደቡን ግልጽነት ሳያደንቅ አይቀርም። እትዬ ተቀምጠዋል፤ ልጅቷ ፌስታሏን አቅፋ ቆማለች። መጀመሪያ ተያዥ እንዳላት ይጠየቃል። ቀጥሎ፣ «ሥራው ቀላል ነው፤ ልጅ ብቻ ነው የምትይዢው።» ልጅቷ መሬት መሬት እያየች «እሺ» ትላለች። «ልጁ ደግሞ ጭምት ነው፤ ብዙ ይተኛል።»

ውሉ በሙሉ ያለው እዚህች የመጨረሻዋ ላይ ነው። ልጁ ሲተኛ ሞግዚት ምን ልትሠራ ነው? ቁጭ ብላ ልታየው? ስለዚህ ልጁ ሲተኛ ልብሱ ይታጠባል። የሱ ከታጠበ የአባቱ ሸሚዝ ምን በደለ? ሊጥ ይቦካል፣ ምጣድ ይጣዳል፣ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ደረጃ ይወለወላል፤ ከሰዓት በኋላ የጋሼ እህት «እንዲያው ሳልፍ ነው» ብለው ጎራ ሲሉ ቡና ይቆላል። ካልተኛም ጀርባዋ አለ። እናቶቻችን አንቀልባን ያበጁት ሁለቱም እጅ ሥራ እንዳይፈታ አስበው መሆን አለበት። ሌሊት ልጁ ከእሷ ጋር ያድራል፤ ይህ እንኳ ሥራ አይደለም፣ መኝታ ነው። የአልጋ ኪራይ አለመጠየቃችንን ማንም አያነሳልንም።

አሁን ደግሞ የሕፃናት ማቆያን ተመልከቱ። መመዝገቢያ ለብቻ፣ ወርሃዊ ክፍያ ለብቻ። ዳይፐር ከቤት፣ ወተት ከቤት፣ ምሳ ከቤት፣ ቅያሪ ልብስ ከቤት። ማታ በሰዓቱ ይዘጋል፤ መንገድ ተዘጋግቶበት ያረፈደ ወላጅ ቅጣቱን ይከፍላል። ልጁ ካስነጠሰ «ነገ ቤት ያቆዩት» ይባላል፤ ቤት ለዋለበት ቀን ግን የሚቀነስ ሳንቲም የለም። ይህን ሁሉ አንብበን እንፈርማለን፤ ወረቀት ነዋ፣ ማኅተም አለበት። ምን ምን እንደማይጨምር በዝርዝር የነገረንን ድርጅት «ሥርዓት ያለው ቤት ነው» እያልን ለወዳጅ እንጠቁማለን። ልጅቷ «እንጀራ መጋገር ካለበት ጭማሪ ይደረግልኝ» ስትል ግን ደላላ አበላሽቷታል።

ደግነቱ ሕጉ ይረዳናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። 90ው ቀን ሲያልቅ እትዬ ቢሮ የሚመለሱት ልጅቷ ስላለች ነው። ያው አዋጅ በቀን 8 ሰዓት የሚለው፣ የሳምንት ዕረፍት የሚለው ታዲያ እሷን አይመለከትም። የግል አገልግሎትን ከወሰኑ አውጥቶ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣላታል ብሎ አሰናበታት። ከሱ በፊት የነበረው 377/96ም ይህንኑ ብሎ ነበር። ተስፋ መስጠት መቼም አይከለከልም። እስከዚያው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለላት፤ አሠሪው አብራው ለምትኖር ሠራተኛ ጤንነትና ሞራል እንዲጠነቀቅ ያዛል። እንጠነቀቃለን እንጂ! ስልኳን የምንነጥቃት፣ እሑድ ስትወጣ ደቂቃ የምንቆጥርባት ለምን ሆነና?

በ2012 ዓ.ም. ቤይሩት ያሉ አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው የቆንስላችን ደጃፍ ላይ ጥለው ሲሄዱ በቴሌቪዥን አይተን እንባችንን ጠርገናል። ካፋላ የሚባለውን ሥርዓት እስከ ጥጉ እናውቀዋለን፤ ፓስፖርት መቀማቱን፣ በር መቆለፉን፣ ደመወዝ ማዘግየቱን። አረመኔዎች! ይህን ስንል ሻዩን ያቀረበችልን ልጅ መታወቂያዋ ቁም ሳጥናችን ውስጥ ነበር፤ እንዳይጠፋባት። የሦስት ወር ደመወዟም እኛው ጋር ነበር፤ እንዳታባክነው። በሩንም የቆለፍነው ለእሷው ብለን ነው፤ ከተማው ክፉ ነው።

እሷ መቼም እንደ ልጃችን ናት። ለልጅ ደግሞ ደመወዝ ቆርጦ የሚከፍል ማን አለ? የተሰበረውን ብርጭቆ ከወር ሒሳቧ የቀነስንባት እንኳ ኃላፊነት እንድትለምድ ነው፤ ወላጅ ካልቀጣ ማን ይቀጣል?

አንድ ነገር ብቻ ለምና ነበር፤ የማታ ትምህርት። መልካም ሐሳብ ነው፣ ማን ይቃወማል? «ልጁ ትንሽ ከፍ ይበልና ትገቢያለሽ» ተባለች። ልጁ ከፍ አለ። አፉን የፈታው በእሷ ነው፤ «እማ» ያለውም መጀመሪያ እሷን ነው (ይህን እትዬ ባይሰሙ ይሻላል)። አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል፤ የቤት ሥራ የሚያሠራው ሰው ያስፈልገዋል። እሷ ግን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት። ካልተማረች ልጅ ጋር ልጃችን ምን ይማራል? ስለዚህ ለደላላው ደውለናል። አሥራ ሁለተኛ የጨረሰች፣ እንግሊዝኛ የምትሞክር፣ እንጀራም የምትችል እየፈለገልን ነው፤ በዚያው ዋጋ።