ለሰባት ሰው ብቻ የተነገረ መሳቢያ

የአያቴ ካዝና ወገቧ ላይ ነበር። ፋርጣ ውስጥ ገብስና ድንች ዘርታ፣ እንቁላልና ቅቤ ሸጣ ያገኘችውን ሁሉ መቀነቷ ጫፍ ላይ ትቋጥራለች። መፍታት ሲያስፈልጋት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጀርባዋን ትሰጠናለች፤ እኛም ጀርባዋን እያየን አደግን። ስንት እንዳላት ባሏም አላወቀ፣ ልጆቿም አላወቁ። ሌሊት ካዝናው አብሯት ይተኛል፣ ገበያ ስትወርድ አብሯት ይወርዳል። አናጺ አልነካው፣ ቁልፍ አልነበረው፣ ጎረቤት መጥቶም «እስቲ አሳዪኝ» ብሏት አያውቅም።

ይህ እንግዲህ ኋላ ቀር አሠራር ነው። እኛ ደብረ ታቦር ገብተን፣ ቤት ሠርተን፣ ሶፋና ቡፌ የደረደርን ሰዎች ስለሆንን የሚመጥነን ድብቅ መሳቢያ ያለው የቤት ዕቃ ነው። ቁም ሳጥን፣ አልጋ ወይም ኮመዲኖ ሊሆን ይችላል፤ ምርጫው የእርስዎ ነው። ምክሬን አንድም ሳያጎድሉ ከተከተሉ፣ ንብረትዎ መጨረሻው ማን እጅ እንደሚገባ ከወዲሁ ማወቅ ይችላሉ። ይህን የሚያውቅ ሀብታም ስንት አለ?

ሥራው የሚጀመረው እንጨት ቤት ነው። ለዚህ የገበያ ቀን ይምረጡ፤ ከእስቴም ከጋይንትም የመጣ ሰው ከተማውን ሲሞላው። በሩ ላይ አልጋ የሚያማርጡ ሙሽሮችና በርጩማ ላይ ተቀምጦ ወሬ የሚጠብቅ አንድ ጡረተኛ አይጠፉም። የእንጨት መሰንጠቂያው ስለሚጮኽ እርስዎም ይጩኹ፦ «ከመሳቢያው ኋላ ሌላ መሳቢያ ይኑረው! ማንም የማያውቀው!» አናጺው ምን ሊቀመጥበት እንደሆነ ከጠየቀ ይንገሩት። ካልነገሩት ልኩን በምን ያውቃል? ለወርቅ ጠበብ፣ ለብር ሰፋ፣ ለመሬት ይዞታ ደብተር ጠፍጠፍ ማለት አለበት። ርካሽ ማጠፊያ ላድርግበት ካለም ይቆጡት፦ «የልጄ የሰርግ ወርቅ በዚህ ነው የሚጠበቀው?»

አሁን እንቁጠር። አናጺው አንድ። ሁለቱ ረዳቶቹ ሲጨመሩ ሦስት። ቫርኒሽ የሚቀባው ልጅ አራት። ባለ ጋሪው አምስት። ከጋሪው አውርደው ያስገቡት ሁለት ወዛደሮች፣ «ከኋላው ምንድን ነው የሚንቀጫቀጨው?» ብለው ጠይቀው በትሕትና የተብራራላቸው፣ ሰባት። ለሰባት ሰው ብቻ! የከተማውን ሕዝብ ብዛት ሲያስቡት ምስጢሩ እጅግ ተጠብቋል።

«አናጺ ወዳጄ ነው፣ አይናገርም» የሚሉ ከሆነ የፈረንሳዩ ሉዊ 16ኛም እንደዚያው ነበሩ። ንጉሡ የቁልፍ ሥራ ነፍሳቸው ነበር። መምህራቸው ፍራንሷ ጋማን የተባለ ቁልፍ ሠሪ ነው፤ ቱይለሪ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከግድግዳው ልባጥ በስተኋላ የብረት ሣጥን የሠራላቸውም እሱ። ሰነዶቻቸውን እዚያ ደበቁ። አብዮቱ ሲበረታ፣ በፈረንጆች ኅዳር 1792፣ ጋማን ራሱ አንድ ሚኒስትር ዘንድ ሄዶ ቦታውን አሳየ። ወረቀቶቹ ችሎት ፊት ቀረቡ፣ ጥር 21 ቀን 1793 ደግሞ የንጉሡ አንገት ተቀላ። ጋማን በዚህ አላበቃም፤ ንጉሡ መርዘውኝ ነበር ብሎ አመልክቶ ከአዲሱ መንግሥት ጡረታ አስወሰነ። አበው ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ጋማን አፉን ከፍቶ ጡረታ ገባለት።

ወደ እንጨቱ እንመለስ። ዋንዛ ይቅርብዎት፤ ውድ ነው፣ በደንብ ከደረቀም በኋላ ቅርጹን አይለቅም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ይዘዙ። ትናንት የተቆረጠ ከሆነ እሰየው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ አገራችን ደግሞ ለዚህ የተመቸች ናት። ሐምሌና ነሐሴ ከጉና ተራራ ላይ የሚወርደው ጉምና ዝናብ እንጨቱን ያሳብጠዋል፣ የበጋው ፀሐይና ነፋስ መልሶ ያኮማትረዋል። ስለዚህ ድብቁ መዝጊያ ክረምት አይከፈትም፣ በጋ አይዘጋም። ክረምት ላይ ገንዘብ ካስቸገረዎ በመጥረቢያ ይከፍቱታል። በጋ ላይ ግን መክፈትም አያሻ፤ ክፍተቱ ጣት ያስገባል፣ የብሩ ጠርዝም ብቅ ብሎ እንግዳ ይቀበላል።

ልኩም ላይ እንዳይሳሳቱ። ቁም ሳጥኑ ከውጭ ሲለካ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው መሳቢያው 40 ላይ ይቁም። ሌባ ሜትር ይዞ አይመጣም ብለው አይጨነቁ፤ ክንድ አለው። መሳቢያውን ስቦ አውጥቶ ክንዱን ሲሰድድ የጎደለው 20 ሳንቲ ሜትር የት እንደገባ ራሱን ይጠይቃል፣ ከዚያ በጣቱ አጥንት ኳ ኳ ያደርጋል፤ ባዶው ቦታ እንደ ከበሮ ይመልስለታል። ይህም እንዳያደክመው፣ ድብቁ መዝጊያ ላይ አዲስ የሚያብረቀርቅ ጓጉንቸር ያንጠልጥሉለት።

ዕቃው ቤት ገባ። ማንም ካላየው ግን ምኑን ተደበቀ?

በዚህ ረገድ አርአያችን ዳቪድ ሮንትገን የተባለ ጀርመናዊ የእንጨት ጠቢብ ነው። በፈረንጆች 1779 ገደማ ሠርቶት ኋላ የፕሩስያ ንጉሥ ለሆነው ፍሬድሪክ ቪልሄልም 2ኛ የደረሰ አንድ ቁም ሳጥን አለው። ቁልፍ ሲዞር መሳቢያ በራሱ ይወጣል፣ ከመሳቢያው ጎን ሌላ መሳቢያ፣ ከዚያም ውስጥ ሌላ። የዚህ ሁሉ ምስጢር ዓላማው ሌባን ማሞኘት አይደለም፤ እንግዳን አፉን ማስያዝ ነው። ዛሬ ዕቃው በርሊን ሙዚየም ቆሟል፤ ድብቅ መሳቢያዎቹ ሲከፈቱ በፊልም ተቀርጾ ዓለም አይቶታል። እንግዲህ የዓለማችን ስመ ጥር ድብቅ መሳቢያ ሁሉም ሰው የሚያውቀው መሆኑ አያጽናናዎትም?

እኛም ቤት ይቻላል። ቡና ያስፈሉ። አቦል ላይ ዝም ይበሉ። ቶና ላይ «አንድ ነገር ላሳያችሁ?» ይበሉ። በረካ ሳይደርስ የቤትዎ ልጆች እየተሽቀዳደሙ መሳቢያውን ከፍተው ዘግተው ያሳያሉ፤ ትንሹ ልጅ ይበልጥ ያሳምረዋል፣ ውስጡ ያለውንም አብሮ ይቆጥራል። ከዚያ ቪዲዮ ቀርጸው በቴሌግራም አሜሪካ ላለው ወንድምዎ ይላኩ፤ ገንዘቡ የሱ ነውና የት እንደተቀመጠ ማየት መብቱ ነው። እሱም ለማኅበሩ ሰዎች ያሳያል።

እውነቱን ለመናገር እኔም ኮመዲኖ አሠርቼ ነበር፣ ከታች ድርብ ወለል ያለው። የባለቤቴ አባት ሊጠይቁን ሲመጡ አላስችል አለኝና አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩ፤ ባዶ ነው። ገና ምንም አላስቀመጥኩበትም። ጋቢያቸውን ሰበሰቡና «እንኳን ደበቅኸው ልጄ፣ ምንም እንደሌለህ ሰው እንዳያውቅብህ» አሉኝ።

ከገጠር የሚመጣ ምክር ግን እንዳይሰሙ። የሴቶች የቁጠባ ቡድን የሚባል አለ፤ የብረት ሣጥን ይገዛሉ፣ ሦስት ጓጉንቸር ይቆልፉበታል፣ ሦስቱን ቁልፍ ሦስት ሴቶች በየቤታቸው ይይዛሉ፣ ሣጥኑ አራተኛዋ ዘንድ ያድራል። በስብሰባው ቀን ሁሉም ክብ ሠርተው ተቀምጠው ሣጥኑ መሀል ላይ ይከፈታል፣ ገንዘቡ ጮክ ተብሎ ይቆጠራል፣ የቀረውን ሁሉም በቃላቸው ይይዙታል። ሣጥኑ የት እንዳለ መንደሩ ያውቃል። አንዷ ብቻዋን ልክፈተው ብትል አይከፈትላትም። በዚህ ውስጥ ምን ብልሃት አለ? ደግሞም እንግዳ ሲመጣ ምን ይታያል?

የአያቶቻችንም ነገር እንዲሁ ነው። የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር መቼም ይመታ መች ሁልጊዜ 1780 ተብሎ የተጻፈበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን ነበር። እሱን በገንቦ አድርገው የቤታቸው ወለል ስር ይቀብሩ ነበር። ገንቦው አያብጥ፣ አይኮማተር፤ ብሩም አይበሰብስ። ዝም ብሎ ይቀመጣል። አሰልቺ ነው።

ሌላው ምክሬ፣ ያለዎትን ሁሉ አንድ ቦታ ያድርጉት። የዚህን ነገር ከደብረ ታቦር ሰው በላይ ማን ያውቃል? ዐፄ ቴዎድሮስ በፈረንጆች 1866 ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቡትን መጽሐፍና ንዋያተ ቅድሳት ከሌላው ሀብታቸው ጋር መቅደላ አምባ ላይ አከማቹ። ከከተማችን ጥግ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን ሴባስቶፖልን እንኳ፣ 70 ኩንታል የሚያህለውን መድፍ፣ በገደልና በሸለቆ አስጎትተው ወራት ፈጅተው እዚያው አወጡት። እንግሊዞች በፈረንጆች ሚያዝያ 1868 አምባው ላይ ሲደርሱ ቤት ለቤት መዞር አላስፈለጋቸውም። ዘርፈው ሲወርዱ ጭነቱ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ ጠየቀ። መድፉ ብቻ ከበዳቸው መሰለኝ፣ እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ከዚያ ዘረፋ የሄደ አንድ ታቦት ኤዲንብራ ከተማ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ተሰጥቶ፣ እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ቆየ። በፈረንጆች 2001 የቤተ ክርስቲያኑ አንድ ቄስ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ አገኙት፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ አገሩ ተመለሰ። ለዚያን ያህል ዘመን የጠበቀው ቁልፍ አልነበረም፤ የተቀመጠ መሆኑን ሰው ረስቶት ነው። በመንበሩ ተከልሎ ካህን ብቻ የሚያየው ታቦት የፈረንጅ ቁም ሳጥን ውስጥ መክረሙ ለቀልድ አይመችምና አልፈዋለሁ። የመርሳትን ኃይል ግን ልብ ይበሉልኝ፣ ቀጥሎ ያስፈልገናል።

ብርዎን አስገብተው ይርሱት። መስከረም 4 ቀን 2013 መንግሥት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተቀይረዋል፣ በሦስት ወር ውስጥ ለውጡ ብሎ ሲያውጅ እርስዎ መሳቢያውን መክፈት አልነበረብዎትም፤ ሰው ያያል። የ5 ብር ኖቱ ሳይቀየር ስለታለፈ እሱን ያስቀመጠ ሰው ተረፈ። አዲሱን ብር አስገብተው ደግሞ እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ቢታገሡ፣ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር በተባለበት ዕለት፣ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ መሳቢያዎ ሳይነካ፣ ቁልፉ ሳይሰበር ግማሽ የሚሆነው ሀብትዎ ይወጣል። እንዲህ ያለ ንጹሕ እጅ ያለው ሌባ ከየት ይገኛል? የተረፈውን አይጥ ትረከበዋለች። እሷ ምንዛሪ አትከታተልም፤ የምትፈልገው ለልጆቿ የሚሞቅ ጎጆ ነው፣ ደብረ ታቦር ደግሞ ይበርዳል።

ስለ ቴሌብር አንድ ነገር ብቻ ልበል። የምስጢር ቁጥርዎ የተወለዱበት ቀን ይሁን፤ መልእክቱን የሚያነብልዎት የሱቅ ልጅ እንዳይቸገር።

የቀረው ዋናው ነገር ነው። ለባለቤትዎ እንዳይነግሯት። አናጺው ያውቃል፣ ረዳቶቹ ያውቃሉ፣ ባለ ጋሪው ያውቃል፣ ቡና የጠጡት ሁሉ ያውቃሉ። የትኛው ሣንቃ ተገፍቶ፣ የቱ ሚስማር ተነቅሎ እንደሚከፈት ግን ለእሷ አይነገርም፤ ለልጆቹ ማሳያ ያደረጉትን መሳቢያ ባዶ አድርገው ከበስተኋላው ሦስተኛ ያሠሩትስ ለዚሁ አይደል? የይዞታ ደብተሩም እዚያው ይግባ። ደብተሩ ላይ የእርስዎ ፎቶ ከእሷ ፎቶ ጋር ጎን ለጎን ተለጥፏል፣ መሬቱም የሁለታችሁ ነው፤ ቢሆንም ፎቶዋ ራሱ ይደበቃት። «የት አደረግኸው?» ስትልዎ «ደኅና ቦታ ነው» ይበሉ። ሌላ ጊዜም ብትጠይቅ «ደኅና ቦታ ነው»።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎና፣ ያርፋሉ። ድንኳን ይተከላል፣ የዕድሩ ወንበር ይደረደራል። ለቅሶ ከሚደርሱት መካከል አናጺው አለ፤ ከሁሉም በላይ የሚያዝነው እሱ ነው። ሣልስት ላይ ይመጣል፣ በሰባተኛው ቀን ይመጣል፣ ለአርባው ጠላና ዳቦ ይዞ ይመጣል። ለአርባው ቀን ተዝካር ወጪ በዝቶ ቤቱ ሲጨነቅ ባለቤትዎን ወደ ጎን ጠርቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ያን አሮጌ ቁም ሳጥን ልግዛችሁ ይላታል። እንጨቱ የተጣመመ ነው፣ ክረምት አይከፈትም፣ የሚያወጣው ዋጋ እንደሌለ እሷም ታውቃለች። እሱ ግን አይከራከርም፤ የጠራችውን ዋጋ ከፍሎ፣ እነዚያኑ ሁለት ወዛደሮችና ያንኑ ባለ ጋሪ አስከትሎ ይመጣል።

«ለማስታወሻ ነው» ይላታል። እሷም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች፣ እንዲህ ያለ ወዳጅ እንደነበረዎት አለማወቋ ይቆጫታል።