ጎዳናው ተመረቀ፣ ተዳዳሪውስ?

ለከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለመንገድ ዳር አበባ የሚደረገው እንክብካቤ ለበረንዳ አዳሪም እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ

የምጽፈው ከደቡብ ወሎ፣ ከቦረና ወረዳ፣ ከመካነ ሰላም ነው። ከደሴ በአቀስታ በኩል ስትመጡ ታገኙናላችሁ፤ ከኛ ወዲያ ቁልቁል ዓባይ፣ ከዓባይ ማዶ ጎጃም ነው። ለመስክ ምልከታ ብትመጡ ጋቢ አትርሱ። የታኅሣሥ ውርጭ ለክቡር እንግዳም አያዝንም።

በቅድሚያ እንኳን ደስ አላችሁ። የኮሪደር ልማቱ በ2016 አዲስ አበባ ላይ ከተጀመረ ወዲህ ፒያሳ ስትነሳ፣ ካዛንችስ ስትከተል፣ ቀጥሎም ተራው ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በቴሌቪዥን ተከታትለናል። አምፖሉ ያምራል። ሣሩም ቦቴ መጥቶ ውኃ ያጠጣዋል። አንድ ነገር ብቻ ካሜራው አላሳየንም፤ በፈረሰው በረንዳ ላይ ያድር የነበረው ሰው በማግስቱ የት እንዳደረ። ሪባን ሲቆረጥ ያየነው ለጎዳናው ነው፤ ለጎዳና ተዳዳሪው ሲቆረጥ ገና አላየንም።

እንዲህ ያለ ሰው የት እንደሚያድር ፍንጭ የሰጠን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ነው። በ2015 በሸገር ከተማ ሲዳሞ አዋሽ በተባለ ስፍራ ከጎዳና በግዳጅ የተሰበሰቡ ሰዎች ተይዘው እንደነበር አስታውቋል። ያኔ ኮሪደሩ አልተጀመረም፤ ሥራውም የእናንተ አልነበረም። ደግሞስ ቤት አልባ ሰው የራሱ መሥሪያ ቤት ኖሮት ያውቃል? ሁልጊዜ የጎረቤት ቢሮ ጉዳይ ነው። አንዱ የማኅበራዊ ጉዳይ ነው ይላል፤ ሌላው የጸጥታ ነው ይላል፤ ጸጥታው ደግሞ ከመሳቢያው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996ን ያወጣል። ሰውየው ሲርበው ጉዳዩ የማንም አልነበረም፤ ሲጠረጠር ግን አዋጅ ተገኘለት። በዚያው መሳቢያ ሕገ መንግሥቱም ይኖራል። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና አሳዳጊ የሌላቸውን ሕፃናት እንዲረዳና እንዲያቋቁም ግዴታ ይጥላል። ምናልባት ከታች ሆኖ ነው ያልታየው።

ያም ሆኖ መልካም ሥራችሁን አልክድም። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር ደሴ አንዷ ነበረች፤ በፕሮጀክቱም ጎዳና ላይ ያሉት ታስበዋል። ግን ደሃ በመደበኛው በር ለመግባት የቀበሌው ነዋሪ መሆኑን ማስመስከር አለበት። የነዋሪነት መታወቂያው ላይ ደግሞ «የቤት ቁጥር» የምትል መስመር አለች። ቤት የሌለው ሰው ቤት እንደሌለው ለማስረዳት የቤት ቁጥሩን ይዞ ይቅረብ ማለት ነው!

ወደ አንድ የገጠር ከተማ መናኸሪያ ሌሊት ብቅ ብትሉ ይህን ቁጥር የት እንደምትጽፉት ግራ ይገባችኋል። ካርቶን ከታች ይነጠፋል። የማዳበሪያ ከረጢት የተኛውን እስከ ወገቡ ይውጠዋል፤ ነፋስ እንዳይገልጠው ወገቡ ላይ በሲባጎ ይታሰራል። ጫማ ያለው ጫማውን ይንተራሰዋል፤ ጠዋት እንዲያገኘው።

ወሎዬ ቤት ማጣትን ከጥንት ያውቀዋል። በ1977ቱ ረሃብ ደርግ 600 ሺህ ገደማ ሰው ሲያሰፍር ከግማሽ የሚበልጠው ከወሎ የተነሳ ነበር፤ ብዙውም ወለጋ ሰፈረ። ከ37 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 11 ቀን 2014፣ ምዕራብ ወለጋ ቶሌ ላይ በጅምላ ከተገደሉት መካከል የነዚያ ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ይገኙበታል። ከወለጋ የሸሹት ወደ አያቶቻቸው አገር ተመልሰው ሐይቅ አካባቢ ጃሪና ቱርክ ካምፕ ገቡ። አያት በመንግሥት መኪና ሄደ፣ የልጅ ልጅ ነፍሱን ይዞ ተመለሰ፤ የቤት ቁጥር ግን በሁለቱም ጫፍ ጠፋ። እነዚህንስ በየትኛው አዋጅ ቦዘኔ እንበላቸው?

እኛ ዘንድ ኑሮው የተደላደለው ቀይ ቀበሮ ነው። በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ከጭላዳው ጋር ወሰን ተከልሎለት፣ ጥበቃ ቆሞለት ይኖራል። ይገባዋል፤ አልቀናሁም። መታወቂያ አምጣ ያለው ግን የለም።

በሌላ በኩል ቅሬ፣ ማለትም የቀብር እድር፣ አለን። ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ትልልቅ ድስት አለው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከቀብር አይቀርም። በረንዳ አዳሪ ግን መዋጮ ከየት አምጥቶ አባል ይሁን? እኛም አንታማም ማለቴ አይደለም፤ ለሞተ ድንኳን ስንተክል በሕይወት ያለው በብርድ ሲያልቅ አልፈነው እንሄዳለን። ሕዝብ ከተነሳ እንደሚችል ደግሞ አይተናል። በ2017 ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ሕንፃ ማስጨረሻ አገሩ በቀጥታ ስርጭት ሲያዋጣ ሌሊቱ ቀን ሆኖ ነበር። ፊንላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለቤት አልባው መጀመሪያ ቁልፍ ትሰጠዋለች፤ ስለ ሥራውና ስለ መጠጡ ከዚያ በኋላ ታነጋግረዋለች። እኛ ጋ መጀመሪያ ምክር ነው፤ ቁልፉ አይከተልም።

ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነው። መካነ ሰላምን የመሰለ ከተማ የፎቶ ማስዋቢያ ሳይሆን ቆጠራ ይበቃዋል። የቅሬ ዳኞች፣ ኢማሙና ቄሱ፣ የመናኸሪያ ተራ አስከባሪውና ጀበና ቡና የምታፈላው ሴት አንድ ሌሊት አብረው ይዙሩ። በትንሽ ከተማ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ፣ ማን እንደታመመ እነሱ ያውቁታል። እያንዳንዱ በስሙ ይጻፍ። እናንተ ደግሞ ቅጹ ላይ «የቤት ቁጥር» የምትለዋን ሰርዛችሁ «የሚያድርበት» በሉት፤ በጀቱም ስሙን ተከትሎ ይውረድ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአዋጅ ቁጥር 384/1996፦ እንዲያርፍ።
ለመንገድ ዳር አበቦች፦ ለመረጃ ያህል።
ለመካነ ሰላም ቅሬዎች፦ የሚኒስቴሩን መልስ አትጠብቁ፤ ድንኳኑን ዛሬ ማታ አውጡት።