በርን ካደረግህ ዝጋው!

ደብረ ታቦር ላይ ሰርግ ባለቀ ቁጥር አንድ ሊቅ ብቅ ይላል። ሰው ሙሽሮቹን ሲመርቅ እሱ ዲቪዲውን ይረግማል። «እዚህ የተገለበጠ ሲዲ ውጭ አገር አይሠራም! ሪጅን ኮድ አለው! ክልሉ ይከለክለዋል!» ፍላሽ መጥቶ ዘመኑ ሲገለበጥ እንኳ የእሱ ወሬ አልተገለበጠም። አያ እናውቃለን፣ እስኪ ጠጋ በል። እናንተም ቅረቡ፤ ደብረ ታቦር ላይ ብቻን ሲስቁ ይደብራል።

ክልል ነው ያልከው? እኛ «ክልል 3» ስንባል ኖረናል። በዲቪዲ ካርታ ላይ ግን 3 ማለት ደቡብ ኮሪያ፣ ታይዋንና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ኢትዮጵያ 5 ናት፤ ከህንድና ከሩሲያ ጋር ተሰልፋለች። አሜሪካ 1፣ አውሮፓ 2 ነው። አንተ ኮድ ሲባል የምታውቀው የታርጋውን ብቻ ነው። ኮድ 3 ለጥፈህ ሚኒሶታ ልትገባ!

ያንን ኮድ ያመጡት የሆሊውድ ባለ ፊልሞች ናቸው። ፊልሙ ሌላ አገር ሲኒማ ላይ ሳይጠገብ የአሜሪካው ዲስክ እንዳይቀድመው፣ ዋጋውንም በየአገሩ እንደ ልባቸው እንዲቆርጡ። ለእህትህ ሰርግ ሆሊውድ ምን ቤት ነው? ቪዲዮ ቤት የተገለበጠ ዲስክ ክልል የለበትም፤ ለሁሉም ክፍት ነው። ሰባት ቶን ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል መድፍ እንኳ ከዚሁ ከጋፋት በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ሲወጣ «ኮድህ ስንት ነው?» ያለው የለም። አንተ ጥቂት ግራም ብቻ በምትመዝን ሳህን ኬላ ትዘረጋለህ!

«ታዲያ ቨርጂኒያ የላክሁት ለምን አልሠራም?» እሰይ፣ በስንት ጊዜህ ጥያቄ ጠየቅህ። «በርን አድርጌ ላክሁት» ብለሃል። በርንማ ማንም ያደርጋል። መዝጋቱስ? ዲስኩ ተጽፎ ሲያልቅ «ፋይናላይዝ» የምትል ነገር አለች፤ መዝጊያዋ እሷ ናት። እሷ ካልተነካች የጻፈው መሣሪያ ያነበው ይሆናል፤ የሰው ማጫወቻ ግን ባዶ ነው ብሎ ይመልሰዋል። በር ከፍተህ አድረህ ቤቱ በረደኝ ትላለህ፣ ያውም በጉና ብርድ!

እሺ፣ ዘጋኸው እንበል። ቨርጂኒያ የላክኸው በየትኛው የሥዕል ሥርዓት ነው? ፓል። እነሱ ጋ ያለው ኤንቲኤስሲ ነው። በእኛው ሥዕሉ በሰከንድ 25 ጊዜ ይለወጣል፤ በእነሱ ወደ 30 ይጠጋል። የእኛ ዲቪዲ 576 መስመር አለው፤ የእነሱ 480። ነገሩ ድሮ ከመብራት ተያይዞ የመጣ ነው፤ የእኛ መብራት በሰከንድ 50፣ የእነሱ 60 ነው። (የእኛው ሲኖር ማለቴ ነው።) ብዙው የአሜሪካ ማጫወቻ ፓል ሲያጎርሱት ይተፋል። ቢውጠውም የድሮ ቴሌቪዥን ሥዕሉን ያንከባልለዋል። በሰርጓ ቀን እስክስታ እንቢ ያለች ሙሽራ፣ ቨርጂኒያ ስትደርስ ከላይ እስከ ታች ትወርደዋለች!

ዘመድህ እስራኤል ወይም ጀርመን ከሆነ ግን እንዳለ ላከው፤ ፓል እዚያ ቤተኛ ነው። የፈጠረውም ዋልተር ብሩክ የሚባል ጀርመናዊ ነው። እኛ ቤት ያለው ርካሽ የቻይና ማጫወቻ ደግሞ ጾም ፍስክ አይለይም፤ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ይበላል። «ውጭ» የሚባል አንድ አገር የለም፣ አያ። ለአንተ ግን ከወረታ ወዲያ ያለው ሁሉ ውጭ ነው።

ደግሞ ያቺን ያሳየኸኝን ዲስክ አልረሳኋትም። የሙሽሮቹን ፎቶ በመቀስ ክብ አድርገህ ቆርጠህ በሙጫ ለጥፈህባታል። ሙጫው አንድ ወገን አብጧል፤ ጠርዙ ላይ የሙሽራው ጆሮ ተላቅቆ ቆሟል። ይህ ሳህን መሐሉ ሲነበብ በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። ሚዛኑ ከተዛባ ይንቀጠቀጣል፣ ይዘላል፣ ወረቀቱም ማጫወቻው ሆድ ውስጥ ይቀራል። ሙሽራው ራሱ ገና ፓስፖርት አላወጣም፤ ጆሮው ግን ያለ ቪዛ አሜሪካ ቀረ!

መድኃኒቱ እንደ ወሬህ አይረዝምም። ወደ አሜሪካና ካናዳ የሚሄደውን ስታስገለብጥ «ኤንቲኤስሲ አድርጉልኝ» በል። ፓል ሆኖ ከደረሰም ዲስክ ማንበቢያ ያለው ላፕቶፕ ውስጥ ይክተቱት፤ ኮምፒውተር ሁለቱንም ያነባል። ፎቶውን ለግድግዳ ተውለት፤ ዲስኩ ላይ በማርከር ስም ብቻ ጻፍ። ከዚያ ዝጋው። ሌላም የሚዘጋ በር አለህ፤ ሰው ፊት ስሙን አልጠራብህም።