ጉዳዩ፦ ስለ ውብ ዕቅዳችን ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ለተከበሩ የብድርና ቁጠባ ተቋማችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ባለፈው ወር ላቀረብኩት ማመልከቻ «እስካሁን ምን ደረሰብን? ለጊዜው ይቆይ» በማለት በቀይ እስክሪብቶ የሰጡኝን ውሳኔ በአክብሮት ተቀብያለሁ። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው የመረጃችን ቅጂ ከዚህ ሕንፃ ውጭ እንዲቀመጥ፣ ሁለተኛው ደግሞ ያ ቅጂ ችግር ቢመጣ በእርግጥ ተመልሶ ይሠራ እንደሆነ አንድ ቀን እንድንሞክረው። እንዳዘዙት ቆይቷል።

እርስዎ ወደ ሰርቨር ክፍሉ ብቅ የሚሉበት ጊዜ ስለሌለዎት ያለበትን ሁኔታ ልግለጽ። ክፍሉ የመጨረሻው ፎቅ ላይ፣ ልክ ከውኃ ሮቶው ሥር ነው። በየማታው ባክአፕ የሚወሰድበት ሃርድ ዲስክ ሰርቨሩ አናት ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ሮቶው አንድ ቀን ቢያፈስ ቀድሞ የሚረጥበው ባክአፑ ነው። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ላይ ሻይ ማፍያ ተሰክቷል። ይህን እንደ ክስ አይቁጠሩብኝ፣ ሻዩን እኔም እጠጣዋለሁ። እሳት ማጥፊያው ጊዜው ካለፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ሆኖም ኤሲው ከተበላሸ ወዲህ በሩ እንዳይዘጋ ደግፎ በመያዝ በታማኝነት እያገለገለ ይገኛል።

ዕቅዱን በተመለከተ ግን ሐሜት አይገባም፤ ያምራል። 64 ገጽ፣ ባለቀለም ሽፋን፣ ከነማህተሙ። ኦዲተሮቹ ሳይቀሩ ሽፋኑን ዳሰስ አድርገው «የአደጋ ማገገሚያ ዕቅድ፦ አለ» ብለው ምልክት አድርገው ሄደዋል። ገጽ 11 ላይ አደጋ ሲደርስ የሚደወልላቸው ስድስት ሰዎች ተዘርዝረዋል። ደወልኩላቸው። ሦስቱ ለቀዋል፣ አንዱ ካናዳ ገብቷል፣ የአንዱ ስልክ አሁን የአንድ ሥጋ ቤት ነው። ስድስተኛው እኔ ነኝ። ገጽ 23 «ሲስተሙ በአራት ሰዓት ውስጥ ወደ ሥራ ይመለሳል» ይላል። አራት ሰዓት የሚለው ቁጥር ከየት መጣ ብዬ ብዙ አሰላሁ፤ ገጽ 40 ላይ የሌላ መሥሪያ ቤት ስም ሳይሰረዝ ቀርቶ ሳገኘው ገባኝ። ደግሞስ ዕቅዱ የሚገኘው የት ነው? የታተመው በመሳቢያዎ ተቆልፎ፣ ፋይሉ ሰርቨሩ ውስጥ። ሰርቨሩ ሲቃጠል ምን እንደምናደርግ ለማንበብ መጀመሪያ ሰርቨሩን ማስነሳት ነው።

«መረጃው ብዙ ስለሆነ ሁለተኛ ቅጂ ወጪ ያበዛል» ያሉትም እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ የደቡብ ኮሪያ መንግሥት አብሮዎት አለ። እኛ ለደመራ በተሰበሰብንበት በመስከረም 16 ቀን 2018 ዴጆን ከተማ ያለው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ውስጥ የሊቲየም ባትሪዎች ተያያዙ። የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን የሚያኖሩበት ጂ-ድራይቭ 858 ቴራባይት እንደያዘ ነደደ። ውጭ ቅጂ ለምን አልነበረውም ሲባል የተሰጠው መልስ፣ በጣም ትልቅ ስለሆነ! የእኛ ሁለት ቴራባይት አይሞላም፤ ምክንያታችን ግን ከእነሱ አያንስም።

ከሁሉ በላይ የእርስዎን ጥበብ የሚመሰክረው የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ የሜርስክ ታሪክ ነው። ሰኔ 20 ቀን 2009 ኖትፔትያ የተባለው ቫይረስ ሲገባበት፣ ማን ወደ ኔትወርኩ መግባት እንደሚችል የሚመዘግቡት ሰርቨሮች በያገሩ ባንዴ ጠፉ። እያንዳንዱ ለሌላው ባክአፕ ነው ተብሎ ስለታመነ፣ ሁሉም ባንዴ ይሄዳሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። አንድ ብቻ ተረፈ፤ ጋና ያለው። ምን አዳነው? መብራት ጠፍቶ ነበር! የጋናው ሠራተኛ ዲስኩን ይዞ የማገገሚያው ሥራ ወደሚካሄድበት እንግሊዝ እንዲሄድ ቪዛ አልነበረውም፤ ናይጄሪያ ድረስ በርሮ አየር ማረፊያ ውስጥ ለሌላ ባልደረባ አስረከበ። ኩባንያው ከዚያ በኋላ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር በአሥር ቀን እንደ አዲስ አሰናዳ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ጄኔሬተር አልገዛም ያሉበት ምክንያት በራልኝ። መብራት በሄደ ቁጥር እኛ ሳናውቀው የአደጋ መከላከል ልምምድ ላይ ነን።

ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልንገርዎት። ባለፈው ኅዳር ሲስተሙ ግማሽ ቀን ሲቆም እኔ መስኮት ቁጥር 3 ኋላ ኬብል ስጎትት ነበር። አንዲት እናት ደብተራቸውን በመሃረብ ጠቅልለው መጡ። ገንዘብ ያዧ ልጅ «እናቴ፣ ሲስተም የለም» አለቻቸው።

«የት ሄዶ ነው ልጄ?» አሉ።

ልጅቷ ዝም አለች። እሳቸው መሃረቡን ፈተው ደብተሩን ገለጡና በጣታቸው እያሳዩ፣ «ይኸው እዚህ ተጽፎ የለም እንዴ?» አሉ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ከዚህ ሕንፃ ውጭ የሚያድር፣ በእሳትም በሮቶም የማይደረስበት የመረጃችን ብቸኛ ቅጂ እኚያ እናት መሃረብ ውስጥ የቋጠሩት ደብተር ነበር።

ባክአፕ በየማታው «ተሳክቷል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ያሳየኛል። ጊትላብ የተባለው ኩባንያ ጥር 23 ቀን 2009 ምሽት አንድ የደከመው ባለሙያ የተሳሳተ ሰርቨር ላይ ገብቶ ዋናውን መረጃ ሲሰርዘው አምስት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበረው፤ አምስቱም በቁም ነገር ሲፈለጉ አልሠሩም። ያዳነው ያው ሰው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ብሎ የወሰደው ቅጂ ነው። የእኛ አረንጓዴ ጽሑፍ እውነት ይሁን ውሸት የማውቀው ሃርድ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ የአንድ ደንበኛ ሒሳብ ስከፍት ብቻ ነው፤ እስካሁን አንድም ጊዜ አልከፈትኩም።

ስለሆነም በጀት አልጠይቅም። አንድ እሑድ፣ መጋዘን ውስጥ ከተጣሉት ኮምፒውተሮች አንዱን፣ እና የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የአይቲ ክፍል (ብቸኛ) ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለፋይናንስ መምሪያ
ለጥበቃ ክፍል፤ ቁልፉ እነሱ ዘንድ ስለሆነ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ በሁለት ቅጂ የተዘጋጀ ሲሆን አንዱ እናቴ ቤት ተቀምጧል።