ለተኙ ዶሮዎች ውሃ ማሞቅ

ዶሮ በጨለማ አትጠጣም። ፀሐይ ስትጠልቅ ቆጧ ላይ ትወጣለች፣ አንገቷን ላባዋ ውስጥ ትቀብራለች፣ እስኪነጋም ንቅንቅ አትልም። ይህን ገጠር ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በሚኒሶታ ጓሮው ውስጥ አምስት ስድስት ዶሮ የያዘው ሰው ግን ከዚህ ተራ ዕውቀት እጅግ ርቆ ሄዷል። ውጭው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ በሆነበት ሌሊት፣ ማንም ለማይጠጣው ውሃ እስኪነጋ ኤሌክትሪክ ያነዳል። እንዲህ ያለ ልፋት አድናቆት ሊነፈገው አይገባም።

ብርዱ ቀልድ አይደለም። በሰሜን ሚኒሶታ፣ ታወር በምትባለው ትንሽ ከተማ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 ሙቀቱ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ወርዶ የግዛቲቱ ክብረ ወሰን ሆኗል። የውሃውም ጉዳይ ዋዛ አይደለም። እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ያህል ትጠጣለች፤ የምትጥለው እንቁላል ሦስት አራተኛው ውሃ ነው። ውሃ ካጣች መኖዋንም ትተዋለች፣ እንቁላሉም ይቀራል። ስለዚህ ጭንቀቱ የተገባ ነው። መድኃኒቱን ግን እንየው።

ከርካሹ እንጀምር። የመጀመሪያው ሊቅ ውሃው ላይ የፒንግ ፖንግ ኳስ ያንሳፍፋል። ኳሱ በነፋስ ሲወዛወዝ ውሃውን ስለሚያናውጠው በረዶ አይሠራም ይላል። ነፋስ ካለ፣ ብርዱም ለዜሮ ቅርብ ከሆነ፣ ጥቂት ያዘገየው ይሆናል። መጠጫው የተቀመጠው ግን ነፋስ እንዳይገባበት ተብሎ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። ኳሱ ሳይነቃነቅ ያድርና ጠዋት በረዶው መካከል ተተክሎ ይገኛል። ዶሮዎቹ የሚጠጡት ባያገኙም ሜዳ ከነኳሱ አግኝተዋል።

ሁለተኛው ሊቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨው ውሃ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ መጠጫው ውስጥ ይጥላል። ጨው በረዶን ያሸንፍ የለ? ያሸንፋል እንጂ! ጨው የጠገበ ውሃ ከዜሮ በታች 21 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ በረዶ አይሆንም። እናም ብርዱ ከዚያ ካላለፈ፣ ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ያለው፣ ዶሮ የማትጠጣው ውሃ፣ እንደ ልቡ ይንቦጫረቃል፤ ከጠርሙሱ ውጭ ያለው፣ ዶሮ የምትጠጣው ውሃ፣ ድንጋይ ሆኗል። ጨው ሙቀት አያመነጭም፤ ክዳን ተዘግቶበት ለጎረቤቱ የሚያደርገው ነገር የለም። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ሲባል ሰምቶ ራሱን ብቻ አድኗል። ከዚህኛው የባሰው ደግሞ ጨዉን በቀጥታ መጠጫው ውስጥ የሚበትነው ነው። ጨው ሲበዛ ዶሮን ይገድላልና፣ ከዚያ ወዲያ የውሃ ጭንቀት የለበትም።

ሦስተኛው የሊቃውንቱ አለቃ ነው፤ ባለ 250 ዋት ቀይ አምፖል ከጣሪያው ላይ ይሰቅላል። ይህ ሰው ዶሮ የገዛው እንቁላል ተወደደ ብሎ ነው። አይፈረድበትም፤ በወፍ ጉንፋን ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዶሮዎች ተወግደው፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 በአሜሪካ የአንድ ደርዘን እንቁላል አማካይ ዋጋ 6 ዶላር ከ23 ሳንቲም ደርሶ ነበር። እንግዲህ ሒሳቡን እናግዘው። አምፖሉ ቀንና ሌሊት ሲነድ በቀን 6፣ በወር 180 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ኪሎዋት ሰዓቱን በ16 ሳንቲም ብናስበው 29 ዶላር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በዚያ እሳት በሆነ ዋጋ እንኳ ከአራት ደርዘን በላይ እንቁላል ይገዛ ነበር፤ ያውም ኩስ ሳይጠርግ።

ገንዘቡስ ይቅር። አምፖሉ የተሰቀለው ጭድ፣ ላባና ብናኝ በሞላበት ቤት ነው። አንዷ ዶሮ በርራ ትመታዋለች፣ ወይም ማንጠልጠያው ይላላል፤ አምፖሉ ጭዱ ላይ ይወድቃል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ብርድ በገባ ቁጥር የሚያስጠነቅቁት ይህንኑ ነው። በእንዲያ ያለው ሌሊት ውሃው በእርግጥ በረዶ አይሆንም። ቤቱ ሳይቃጠል ቢከርም፣ በበረዶ አውሎ ነፋስ መብራት የጠፋ ዕለት፣ ሙቀት የለመዱት ዶሮዎች ብርዱን በአንድ ጊዜ ይጋፈጡታል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባል ነበር፤ ዘንድሮ በአምፖል ሆነ።

አራተኛው ዘመናዊ ነው። የውሃውን ሙቀት ከአልጋው ሳይነሳ በስልኩ ያነባል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮኻል፤ ውሃዎ እየቀዘቀዘ ነው! ሰውየው ይነቃል፣ ሚስቱ ትነቃለች፣ ሕፃኑም ይነቃል። ያልነቁት ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው፤ ቴርሞስታት አልማ አታውቅም።

ዶሮዋ ራሷ ለብርድ እንዴት እንደተፈጠረች የሚጠይቅ የለም። የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ላባዋን ስትነፋ በመካከሉ የሚቀረው አየር ጋቢዋ ነው። እርጥበትና ሽውታ ካላገኛት ብርዱን ትችለዋለች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በካናዳ ኩቤክ፣ በኦካ ገዳም የነበረ ወንድም ዊልፍሪድ ሻተላን የተባለ መነኩሴ፣ ውርጭ የሚመታት በራሷና በአገጯ ሥር ያለው ቀይ ሥጋ ላይ መሆኑን አስተዋለ። ያ ሥጋ እጅግ ያነሰበትን ዘር እየመረጠና እያዳቀለ ሻንተክሌር የተባለችውን ዶሮ አወጣ። ምስኪን መነኩሴ! ኦንላይን የሚያዝዘው ነገር ስላልነበረው በማስተዋልና በትዕግሥት ብቻ ተገላገለ።

ትክክለኛው መፍትሔ ለመናገር የሚያሳፍር ያህል ቀላል ነው። ሁለት ጥቁር የጎማ ገንዳ ይገዛል። ማታ ዶሮዎቹ ቆጥ ሲወጡ ውሃው ይደፋል፤ ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ይቀዳላቸዋል። ከሰዓት በኋላ በረዶ ከሠራ ሁለተኛው ገንዳ በለብታ ውሃ ይተካል። የመጀመሪያው ተገልብጦ በእግር ሲረገጥ በረዶው እንዳለ ይወድቃል፤ ጎማ ስለሆነ አይሰነጠቅም። ገንዳው ፀሐይ በሚያርፍበት ቦታ ከዶሮ ቤቱ ውጭ ቢቀመጥ፣ ጥቁሩ ቀለም ሙቀት ይስባል፤ ቤቱም ስለማይረጥብ ያ ቀይ ሥጋ ከውርጭ ይተርፋል። የዚህ ዘዴ ጉድለት አንድ ብቻ ነው፤ ነጋዴ የሚያተርፍበት ነገር የለውም። ሶኬት የለው፣ ገመድ የለው፣ የዋስትና ወረቀት የለው። ይባስ ብሎ ባለቤቱን ጫማ አስደርጎ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከሶፋው ያስነሣዋል።

በጨለማ ወጥቼ በጨለማ የምገባ ባለ ሁለት ሥራ ነኝ የሚል ይኖራል፤ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ያለው ሐበሻ ይህን ኑሮ አሳምሮ ያውቀዋል። ለእርሱ ከመጠጫው ሥር የሚቀመጥ፣ ውሃው በረዶ ሊሆን ሲል ብቻ የሚበራ ማሞቂያ ነውር የለበትም። ሲወጣ ሞልቶ ይሰካዋል፣ ሲገባ ይነቅለዋል። ነገሬ ቤቱ ውሎ፣ ቡናውን ይዞ፣ ዶሮዎቹን በመስኮት እያየ ለዚያች ዐሥር እርምጃ መንገድ መሣሪያ ከሚያማርጠው ጌታ ጋር ነው።

እርሱን በአጭሩ እንምከረው። ዶሮ ያረባ ውሃ ይቀዳል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጓሮ መውጣት የከበደው ሰው የሚያስፈልገው እንቁላል እንጂ ዶሮ አይደለም፤ እንቁላል ደግሞ ሱቅ አለ፣ ሱቁም ይሞቃል። ምርጫው የራሱ ነው። አምፖሉን ግን ዛሬ ማታ፣ ዶሮዎቹ ሳይተኙ፣ ያውርደው።