ምን ለብሼ ልቅረብ?

ሰው አምልኮውን ሲለውጥ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው የነፍሱ ጉዳይ ይመስለን ይሆናል። የለም፤ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ልብሱ ነው። ነፍስ አትታይም፤ ኮሌታ ግን ይታያል። ኦርቶዶክሱ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ይወጣል፤ ሙስሊሙ ለጁምዓ ጀለቢያውን ያስተኩሳል፤ እኛ ጴንጤዎች ደግሞ እሑድ ጠዋት ከረባታችንን እስክንታነቅ እናጠብቃለን። ታዲያ ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረው፣ ትልቅ ዛፍ ሥር ቅቤ የሚቀባውና በግ የሚያርደው ሰው ምን ለብሶ ነበር የሚቀርበው?

ጥያቄው የወንድሜ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ወላይታ ሶዶን በሠርግና በለቅሶ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ነው። ዘንድሮ ጊፋታን አገር ቤት ለማሳለፍ ቆረጠና ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ኦሪጅናሉን ነው የምፈልገው። ክርስትና ከመምጣቱ በፊት ሰዉ ለአምልኮ ሲወጣ የሚለብሰውን።»

ኦሪጅናል! መርካቶ ጫማ የሚያማርጥ ነው የመሰለው።

ለማያውቁ፣ ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ በሚገኘው እሑድ ይውላል። ወንዶቹ ለበሬው፣ ሴቶቹ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ሲቆጥቡ ይከርማሉ። ከዚያ ጥሬ ሥጋው በዳታ እየተነከረ፣ «ሃያያ ሌኬ» እየተዘፈነ አሮጌው ዓመት ይሸኛል። ዛሬ አክባሪው በአብዛኛው ወንጌላዊ ክርስቲያን ነው፤ የበዓሉ ሥር ግን ከየትኛውም ሰባኪ ይቀድማል። ስለዚህ የልጁ ጥያቄ አያስቅም፤ አጠያየቁ ነው ያሳቀኝ።

ሶዶ ደውዬ፣ በልጅነታቸው አባታቸው ለመንፈስ ሲሠዉ ያዩ አንድ የሰፈራችንን ሽማግሌ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ያኔ ለመሥዋዕት ሲወጣ ምን ይለበስ ነበር?»

«ያለንን ነዋ!» አሉ ተቆጥተው። «ስንት ልብስ የነበረን መሰለህ? አንድ ቡሉኮ ነበረች። ሌሊት እኛን ልጆቹን ታለብሳለች፤ ሲነጋ አባቴ ደርቧት ይወጣል። ለቅሶ በእሷ፣ ገበያ በእሷ፣ ዛፉ ሥርም በእሷ። መናፍስቱም የሚያውቁት ያችኑ ነው። ሌላ ለብሰን ብንሄድ ‹ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?› ይሉን ነበር።»

ጥቂት ዝም አሉና «ቅቤ ግን ግድ ነው» ሲሉ ጨመሩ። «አናቱ ላይ ቅቤ የሌለው ሰው፣ ምን ቢለብስ አልለበሰም።»

ሽማግሌው የነገሩኝን ለልጁ ሳስተላልፍ ቅር አለው። እሱ የጠበቀው የነብር ለምድና ላባ ነበር። እርግጥ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ነገር ሌላ ነው፤ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. በምኒልክ ጦር እስኪማረኩ ድረስ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የነገሡት ሰዎች ብርድ ልብሳቸውን ደርበው አደባባይ አልወጡም። እኛ ግን የልጁን ቅድመ አያት እናውቃቸዋለን። ገበሬ ነበሩ። ኦሪጅናሉ ቡሉኮ ነው።

የቡሉኮዋ ነገር በዚህ አያበቃም። በ1920 ዓ.ም. ሚስዮናውያን ወላይታ ገቡ፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር አማኞች የተጠመቁት በታኅሣሥ 1926 ነው። በ1929 ጣሊያን ፈረንጆቹን ሲያባርር የተጠመቀው ሰው መቶ አይሞላም ነበር። ጦርነቱ አልቆ ሲመለሱ ግን የጠበቃቸው በሺሕ የሚቆጠር ምእመን ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ምን ለብሶ ጸሎት ቤት የሄደ ይመስላችኋል? ያችኑ ቡሉኮ ነዋ! አባወራው ልቡን ለወጠ፤ መለወጫ ልብስ ግን አልነበረውም። ትናንት ዛፍ ሥር የተንበረከከችው ቡሉኮ ዛሬ ጸሎት ቤት ገብታ ተንበረከከች፤ እሷን ማንም አላጠመቃትም።

የዛሬው ወላይታ ግን ዱንጉዛ አለው። ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ መስመሩን ያየ ከሩቅ ያውቀዋል። የድሮ ሰዎች የነገሥታትና የጀግኖች ልብስ ነበር ይላሉ። አሁን ኮት፣ ሱሪ፣ ቀሚስ፣ ኮፍያ፣ ከረባት፣ የሕፃን ማዘያ ሳይቀር ሆኗል። ጳጉሜን ስትገባ ሶዶ ውስጥ ልብስ ሰፊ ቤት መቀመጫ አይገኝም። እኔ የማውቀው ሰፊ በር ላይ ዓምና ተቀምጬ የታዘብኩት ይኸው፦ አንዷ ለኳየር ልብስ ልታስለካ መጥታለች፤ ከረጅሙ የሐር ገዋን ወደ ዱንጉዛ ሊዞሩ ወስነው ከሽማግሌዎች ጋር ስንት ሲከራከሩ ከርመዋል። አጠገቧ ሙሽራ አለ። ከሙሽራው ቀጥሎ በ2015 ዓ.ም. ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ስብሰባ የበዛበት አንድ ሹም፣ ቦርጩ እንዳይታይ ኮቱ ሰፋ እንዲል ይማጠናል። ጥግ ላይ ደግሞ ለሃያያ ሌኬ የተቧደኑ ጎረምሶች። ሰፊው አንዳቸውንም «ለየትኛው አምላክ ነው?» አላላቸውም። «እጅጌው ይጠር ወይስ ይርዘም?» ነው የሚለው።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዱንጉዛ በእጅ ስለሚሸመን ስፋቱ ጠባብ ነው፤ ለአንድ ሰው ጀርባ አንዱ ክንድ ከሌላው ይጋጠማል። ሰፊው ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ቀዩን ከቀይ፣ ቢጫውን ከቢጫ ሲያገናኝ ትንፋሹን ይይዛል። በሳሙና ቁራጭ ያሰምራል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፤ አጥፍቶ ደግሞ ያሰምራል። መስመሩ ስፌቱ ላይ ከተዛነፈ ባለቤቱ ከኋላ ሲታይ በሁለት ሐሳብ የተከፈለ ሰው ይመስላል። ኪስማ ከደረቱ መስመር ጋር ካልገጠመ፣ አለኝ ሰፊው፣ «ሰው ሰላም ሳይልህ መጀመሪያ ኪስህን ነው የሚያየው።»

ዱንጉዛ የሚያስፈራው ሰውም አልጠፋም። የአጎቴ ልጅ ጸሎተኛ ነው፤ ጊፋታ ሲደርስ ይጾማል። «ይሄ ነገር የድሮ መንፈስ አለበት፣ አታስነካኝ» ይለኛል፤ ይህን ሲል አንገቱ ላይ ሰማያዊ ከረባት አለ። ከረባትን ለዓለም ያስተዋወቁት በአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለፈረንሳይ ንጉሥ የተዋጉ የክሮኤሺያ ቅጥረኛ ወታደሮች መሆናቸውን ነገርኩት። ስለ እነሱ መንፈስ ምን የምናውቀው ነገር አለ? አሰበ፤ ከዚያ ከረባቱን በእጁ ዳሰሰ። አላወለቀውም፤ የሰጠችው ሚስቱ ናት።

ወደ ሰሜን ብንሻገር መናፍስቱ መራጮች ናቸው። ዛር እንደ እኛ አገር መንፈስ «ያለህን ደርበህ ና» አይልም። ሚስቱ ለፋሲካ ቀሚስ ግዛልኝ ስትለው ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ባል፣ ዛሯ በራሷ አፍ «ቀይ ጃኖ! ሽቶ! የተቆላ ቡና!» እያለ ሲያጓራ ሲነጋ ገበያ ይወርዳል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ከርሞ፣ መልካም አየሁ ከተባሉ ስመ ጥር ባለዛር ዘንድ እየዋለ ይህን ሁሉ ሲጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ዛሮቹን ባለዛሩ እያወጣ የሚለብሳቸው የማንነት ቁም ሣጥን አድርጎ አያቸው። ጥሩ አይቷል። ቁም ሣጥኑን የሚሞላው ባልየው መሆኑን ግን እኔ ልጨምርለት።

ልብስ ጨርሶ የማይፈልጉም አሉ። እንግሊዛዊው ጄራልድ ጋርድነር፣ የወንድሜ ልጅ እንደሚለው ኦሪጅናሉን ፍለጋ ሲኳትን ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው መጽሐፍ የጥንቱ ጥንቆላ ተከታዮች ሥርዓታቸውን ራቁታቸውን እንደሚፈጽሙ አስነበበ። ሰውዬው ጡረታ የወጣ የጉምሩክ ሹም ነበር፤ የሰው ሻንጣ ሲፈትሽ የኖረ ሰው በመጨረሻ ልብስ ቢሰለቸው አልፈርድበትም። ግን ዳሞታን ቢያየው እወድ ነበር። ተራራችን ወደ 2,900 ሜትር ከፍ ይላል፤ በመስከረም ጉሙ ከወገቡ በላይ ይውጠዋል። እዚያ ላይ አውልቆ የሚያመልክ ሰው ጸሎቱ በጣም አጭር ይሆናል።

እንግዲህ እኔ እንደገባኝ፣ የወላይታ መናፍስት ቀላል ነበሩ። ቅቤና በግ ካገኙ ስለ ልብስ ቃል አይወጣቸውም። ከባዷ አክስቴ ናት። ሶዶ ከገባህበት ሰዓት ጀምሮ ቡና ልታፈላ ተቀምጣ ከእግር እስከ ራስህ ትፈትሽሃለች። «ይሄ ልጅ አዲስ አበባ ሥራ የለውም እንዴ?» ከተባለ፣ ያ ፍርድ ከአሬካ እስከ ቦዲቲ ይሰማል። ጸሎት ቤትም ሆነ በሬው የሚታረድበት ሜዳ ስንሄድ የምንለብሰው ለእሷ ነው። ፈጣሪማ ሲፈጥረን ራቁታችንን አይቶናል፤ ምኑን እንደብቀዋለን?

ለልጁ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም፤ ወጣት ነው። «ዱንጉዛ ኮት አሰፋ፤ ዝናብ ካገኘው ቀዩ ክር ሊለቅ ስለሚችል ከሥሩ ነጭ ሸሚዝ አታድርግ፤ ቅቤውን አያትህ ትቀባሃለች» ብዬ ጻፍኩለት።

ወዲያው መለሰልኝ። «ጫማውስ?»

እዚህ ላይ ወላይታ እስካሁን አልተስማማም። ሹሙ በሾጣጣ ቡናማ ጫማ ይወጣል፤ ኳየሩ ጥቁር ብሏል፤ ጎረምሶቹ በነጭ ስኒከር ይዘላሉ። ግራ ሲገባኝ ሽማግሌው ጋ መልሼ ደወልኩ።

«የመስከረምን ጭቃ ረሳኸው?» አሉኝ። «ኮንጎ ያድርግ!»

ልጁ «ኮንጎ ምን ዓይነት ብራንድ ነው?» ይለኛል። «አክስቴ ታሳይሃለች» ብዬዋለሁ።