የቅድመ አያት ቤተ ክርስቲያን ጎብኚ በወላይታ፦ አመጣጡ፣ ማስረጃውና ቃል የገባው ቆርቆሮ

የቅድመ አያቱን ቤተ ክርስቲያን ሊያይ የሚመጣ ሰው ወላይታ የሚደርሰው በአብዛኛው መስከረም ላይ፣ ለወላይታው ዘመን መለወጫ ለጊፋታ ነው። ዘመድ ሁሉ ቤቱ ይገኛል፤ የዘር ሐረግ ጥናትም ቁርጥና ዳጣ ሲቀርብ ይፈጥናል። ከአዲስ አበባ የተነሣው በሆሳዕና በኩል 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። ከውጭ አገር የመጣው ደግሞ የሚነዳለት የአክስት ልጅ አያጣም።

የእንግሊዙ አቻው ሥራ ቀላል ነው። ቶማስ ክሮምዌል እ.ኤ.አ. በ1538 እያንዳንዱ ደብር ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ ስላዘዘ፣ ጎብኚው መዝገብ ገልጦ፣ የመቃብር ድንጋይ ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። ምሳ ብላ የሚለው የለም። በወላይታ፣ በቢጠና ገጠር ግን መዝገቡ ከዘራ ይዞ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ደግሞም ቀድሞ የሚጠይቀው እሱ ነው። «የማን ልጅ ነህ?» ጎብኚው አባቱን ይጠራል። «የእሱስ አባት?» አያቱንም ይጠራል። ሦስተኛው ላይ መንተባተብ ይጀምራል። ሽማግሌው ከዚያ ተቀብለው ሽቅብ ይቆጥሩና ጎሳውን ለይተው፣ ከሁለቱ የጎሳ ክፍሎች ከማላ ይሁን ከዶጋላ ይነግሩታል። ግኝቱ አደጋ አለው፤ በአንድ ጎሳ መጋባት ነውር ስለሆነ፣ እጮኛውን ይዞ የመጣ ተመራማሪ እኅቱን ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው የቁጥር ጉዳይ ነው። የሱዳን ኢንተርየር ሚሽን ሚሲዮናውያን ወላይታ የገቡት በ1920 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ሲያስወጣቸው ትተዋቸው የሄዱት ምእመናን 48 እንደነበሩ ተጽፏል። ይህ አኃዝ የልጅ ልጆችን ምስክርነት አይችልም፤ የጎብኚው ሁሉ ቅድመ አያት ከ48ቱ አንዱ ነበሩና። ምስክርነቱ ሁሉ ቢደመር በዚያ ዘመን ያልተጠመቀ ሰው ስለማይተርፍ፣ ወንጌል ለማን ይሰበክ እንደነበር ግራ ያጋባል። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ 10,000 ገደማ አማኞች እንዳገኙ ይነገራል። ከነዚያ ከ10,000ዎቹ የተወለደ ሰው ግን ማግኘት ችግር ነው። ለእምነታቸው የታሰሩ ቅድመ አያቶችም በዝተዋል፤ የእስር ቤቱን ስፋት መሐንዲስ ያጥናው። የጣሊያን አስተርጓሚ የነበረ ቅድመ አያት ግን እስካሁን በአንድም ቤተሰብ አልተገኘም።

የኦርቶዶክሱ ተመራማሪ በቁጥር አይከራከርም፤ በዘመን ይበልጣል። ወደ ደብረ መንክራት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይወጣና ነገሩን ከ13ኛው መቶ ዘመን፣ ጻድቁ የዳሞቱን ንጉሥ ሞቶሎሚን አጠመቁ ከሚባልበት ይጀምራል። በመካከል ያሉት ሰባት መቶ ዓመታት «ከዚያ በኋላ» ተብለው ይታለፋሉ።

ወደ ገጠሩ አጥቢያ እንመለስ። ቅድመ አያት የማገሩት የሣር ቤት ከፈረሰ ቆይቷል። በቦታው የቆመው የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ ከጎኑ ግድግዳው ተጠናቆ ጣሪያ የሚጠብቅ ሌላ ሕንፃ አለ። ሕንፃው ለምን እስከ መስከረም ጣሪያ እንደማይኖረው መጠየቅ የጀማሪ ተመራማሪ ጠባይ ነው። እሑድ ጎብኚው ወደ መድረክ ይጠራል፣ «የአባታችን ፍሬ» ተብሎ ይተዋወቃል፣ መዘምራን ይዘምሩለታል። ቀጥሎ ሽማግሌዎች ወደ ጎን ቤት ወስደው ጥናቱ ሲፈልገው የነበረውን የጽሑፍ ማስረጃ ያቀርቡለታል፤ ጠርዙ የተበላ ባለ መስመር ደብተር፣ የቤተሰቡ ስም በቀይ እስክሪብቶ የሰፈረበት። አምና የመጣው የአጎቱ ልጅ 40 ቆርቆሮ ቃል ገብቷል። «የተከፈለ» በሚለው ዓምድ ላይ ሰረዝ አለ።

ሽማግሌው እስክሪብቶውን ያቀብሉታል።